የተከላካይ ሥራ ትምህርት፤ የፊሊፕ ላም የመጀመሪያ ዓመታት

በዕረፍት ሰዓት በትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ቡድን ሲመረጥ ያየ ሰው ሁሉ አንድ ልማድ ያውቃል። ሁለት አለቆች ፊት ለፊት ይቆሙና ልጆቹን ተራ በተራ ይጠራሉ። መጀመሪያ የሚጠራው ጎል አግቢው ነው፤ ቀጥሎ ረጅሙና ጉልበተኛው፣ ከዚያም ሯጩ ይጠራል። በመጨረሻ የሚቀረው ትንሹ ልጅ ነው፤ እርሱም ተራው ሲደርስ «በል አንተ ኋላ ቁም» ይባላል። ኋላ መቆም እንደ ቅጣት ይቈጠራል፤ ተከላካይ መሆንም ሌላ ሥራ ላጣ ሰው የተሰጠ ምጽዋት ይመስላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ልማድ በሁለት ነገር የተሳሳተ መሆኑን ማስረዳት ነው። አንደኛ፣ የተከላካይ ሥራ ብዙ ዕውቀት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ሁለተኛ፣ አንድ ልጅ ያልመረጠው ቦታ ሲሰጠው፣ ቦታው የሚጠቅመው ወይም የሚጐዳው እንደ አያያዙ ነው። ለዚህም ምስክር አድርገን የምናቀርበው ጀርመናዊውን ተጫዋች ፊሊፕ ላምን ነው። የአባቱ ስም በእኛ ቋንቋ የምትታለበዋን ላም የሚያስታውስ ስለ ሆነ በክፍል ውስጥ ሲነገር ሣቅ ማስነሣቱ አይቀርም፤ ሣቁን እዚህ ላይ ጨርሰን ከእንግዲህ ፊሊፕ እያልን እንጠራዋለን።

የሕይወቱን ታሪክ በሙሉ አንጽፍም። የምንጽፈው ከልጅነቱ ጀምሮ እስከ 2006 ያለውን ነው። ስሙ ከገነነ በኋላ ያደረገውን ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ ለተማሪ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ሰውዬው ገና ሳይታወቅ እንዴት እንደ ሠራ መረዳት ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።

፩. የተከላካይ ሥራ ምንድን ነው?

አንድ ቡድን 11 ተጫዋቾች አሉት። ከበረኛው ፊት የሚቆሙት ተከላካዮች ብዙውን ጊዜ አራት ናቸው፤ ሁለቱ በመኻል፣ አንዱ በቀኝ፣ አንዱም በግራ ይሰለፋሉ። በአገሮች መካከል በሚደረግ ግጥሚያ የሜዳው ርዝመት ከ100 እስከ 110 ሜትር፣ ስፋቱም ከ64 እስከ 75 ሜትር ነው። እንግዲህ የቀኝ ወይም የግራ ተከላካይ ማለት በሜዳው ጠርዝ ላይ ሆኖ ይህን ሁሉ ርዝመት እየወጣና እየወረደ የሚሠራ ሰው ነው።

ሥራውን በአምስት ከፍለን ብናየው ለመረዳት ይቀላል።

የመጀመሪያው ሥራ፣ በክንፍ በኩል የሚመጣውን አጥቂ መያዝ ነው። ጀማሪ ተከላካይ አጥቂውን ሲያይ ሮጦ ይሄድና እግሩን ይዘረጋል፤ አጥቂውም ኳሷን ነካ አድርጎ ያልፈዋል። ዐዋቂ ተከላካይ ግን አይቸኩልም። ሁለት እርምጃ ያህል ርቆ፣ ሰውነቱን ወደ ጎን አዙሮ፣ ጉልበቱን ዐጠፍ አድርጎ፣ ዓይኑን ከአጥቂው አካል ላይ ሳይሆን ከኳሷ ላይ ሳይነቅል ወደ ኋላ እያፈገፈገ ይጠብቃል። አጥቂው ኳሷን ከእግሩ አርቆ የገፋ እንደ ሆነ ያን ጊዜ ይነጥቃል።

ሁለተኛው ሥራ፣ ከሌሎቹ ሦስት ተከላካዮች ጋራ አንድ መስመር ጠብቆ መቆም ነው። አንዱ ሁለት ሜትር ወደ ኋላ ቢቀር የተቃራኒውን አጥቂ ከኦፍሳይድ ያወጣዋል፤ የሦስቱ ድካም በአንዱ ስንፍና ከንቱ ይሆናል።

ሦስተኛው ሥራ፣ ጓደኛን መሸፈን ነው። የመኻሉ ተከላካይ ተስቦ ከቦታው ከወጣ፣ የጎኑ ተከላካይ ሳይነገረው ወደ ውስጥ ገብቶ ባዶውን ቦታ መድፈን አለበት።

አራተኛው ሥራ፣ ኳስ ከተነጠቀ በኋላ በንጹሕ ማቀበል ነው። ኳስን ወደ ሰማይ ጠልዞ መገላገል ቀላል ነው፤ ነገር ግን የተጠለዘች ኳስ ብዙ ጊዜ ተመልሳ የምትመጣው ከነአጥቂው ነው።

አምስተኛው ሥራ፣ ጊዜው ሲፈቅድ ወደ ፊት ወጥቶ ማጥቃት ነው። የክንፍ ተጫዋቹን ከኋላ ተከትሎ፣ አልፎትም ሄዶ፣ ኳስ ወደ ጎሉ ፊት ማሻገር ወይም ራሱ መምታት አለበት። ኳሷ ከተነጠቀች ደግሞ ያንኑ መንገድ በሩጫ ይመለሳል።

እነዚህን አምስት ሥራዎች በአንድ ቦታ ላይ አሟልቶ የሚሠራ ሰው ጥሩ ተከላካይ ይባላል። በቀኝም፣ በግራም፣ ሲያስፈልግም በመኻል ሜዳ ገብቶ በእኩል ደረጃ የሚሠራቸው ሰው ደግሞ ሁለገብ ተከላካይ ይባላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያሻል። ሁሉን ነካክቶ አንዱንም የማይጨርስ ሰው ሁለገብ አይደለም። ሁለገብ የሚባለው አንዱን ሥራ በሚገባ ካወቀ በኋላ ያንኑ ዕውቀት ይዞ ወደ ሌላው የሚሻገር ሰው ነው። ፊሊፕ የዚህ ዐይነት ሰው ነበር።

፪. የልጅነቱ ዘመን

ፊሊፕ ኖቬምበር 11 ቀን 1983 በደቡብ ጀርመን በሙኒክ ከተማ ተወለደ። ያደገው ጌርን በሚባለው ሰፈር ነው፤ ኳስም መጫወት የጀመረው በዚያው ሰፈር ኤፍ ቴ ጌርን በሚባል አነስተኛ ክለብ ነው። ወላጆቹም ለዚህ ክለብ እንግዶች አልነበሩም፤ እናቱ በክለቡ ውስጥ የልጆች ቡድኖችን ጉዳይ ይመሩ ነበር። ስለዚህ ክለቡ ለእርሱ እንደ ሁለተኛ ቤት ነበር ማለት ይቻላል።

በ1995፣ ገና የ11 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ከጀርመን ክለቦች ሁሉ ታላቅ የሆነው ባየርን ሙኒክ ወደ ታዳጊዎች ቡድኑ ወሰደው። የባየርን ታዳጊዎች ከሚያገኙት ዕድል አንዱ በትልቁ ቡድን ግጥሚያ ቀን ኳስ አቀባይ ሆኖ ማገልገል ነው። ፊሊፕም በሙኒክ ኦሊምፒክ ስታዲየም በሜዳው ዳር ተቀምጦ የወጣችውን ኳስ እያነሣ ለታላላቆቹ ተጫዋቾች ያቀብል ነበር። ይህ ቀላል ነገር አይምሰለን። ኳስ አቀባይ ልጅ ጨዋታውን የሚያየው ከሰገነት ላይ ሳይሆን ከሣሩ አጠገብ ነው፤ የተከላካዩን ትንፋሽ ይሰማል፣ የት እንደ ቆመና መቼ እንደ ተንቀሳቀሰ ያያል።

በታዳጊዎች ቡድን ውስጥ ፊሊፕ የተጫወተው በአንድ ቦታ ብቻ አልነበረም። አንድ ጊዜ ከተከላካዮቹ ፊት በመኻል፣ አንድ ጊዜ በቀኝ በኩል በመኻል ሜዳ፣ አንድ ጊዜም በቀኝ ተከላካይነት ይሰለፍ ነበር። የባየርን ወጣቶች በ2001ና በ2002 ተከታትለው የጀርመን የወጣቶች ሻምፒዮን ሲሆኑ እርሱም ከእነርሱ አንዱ ነበር። በ2002 ደግሞ የጀርመን ከ19 ዓመት በታች ብሔራዊ ቡድን በአውሮፓ የወጣቶች ውድድር ለፍጻሜ ደርሶ በስፔን 1 ለ 0 ሲሸነፍ ፊሊፕ በቡድኑ ውስጥ ነበረ።

ልብ በሉ፤ በኋላ ሁለገብ ያሰኘው ነገር የተዘራው በዚህ ጊዜ ነው። በመኻል ሜዳ የተጫወተ ልጅ ኳስ ከአራቱም ማዕዘን እንደምትመጣ ስለሚያውቅ ኳሷ ሳትደርሰው ዙሪያውን መመልከት ይለምዳል። በኋላ ተከላካይ ሲሆን ይህ ልማድ አብሮት ይሄዳል።

፫. በሩ የተዘጋበት ዓመት

ፊሊፕ 17 ዓመት ሲሞላው ወደ ባየርን ሁለተኛ ቡድን ተሻገረ። የዚህ ቡድን አሠልጣኝ ሄርማን ጌርላንድ የሚባሉ በጠባያቸው ቈጣ ያሉ፣ በሥራቸው ግን የተመሰገኑ ሰው ነበሩ። ጌርላንድ ብዙ ወጣቶችን አሠልጥነው ለትልቅ ደረጃ አብቅተዋል፤ ስለ ፊሊፕ የነበራቸው ግምት ከሁሉ የላቀ ነበር።

ነገር ግን ችግር ነበረ። አንደኛው ችግር ቁመቱ ነው። የፊሊፕ ቁመት 1 ሜትር ከ70 ነው። የጎሉ ቋሚ 2 ሜትር ከ44 ሳንቲሜትር ከፍታ አለው፤ የተቃራኒ አጥቂዎችም ብዙዎቹ 1 ሜትር ከ85ና ከዚያ በላይ ናቸው። በዚህ ምክንያት ብዙ ሰዎች ይህ ልጅ በአየር ላይ በሚመጣ ኳስ ተበላጭ ይሆናል ብለው ይፈሩ ነበር። ጌርላንድ በኋላ ዘመን እንደ ተናገሩት፣ ልጁን እንዲወስዱት ለሌሎች ክለቦች አሳብ ሲያቀርቡ ቁመቱን አይተው እንቢ ያሉ ነበሩ።

ሁለተኛው ችግር ቦታ ማጣት ነው። በዚያን ጊዜ የባየርን የቀኝ ተከላካይ ፈረንሳዊው ቪሊ ሳኞል፣ የግራውም ሌላው ፈረንሳዊ ቢክሰንት ሊዛራዙ ነበሩ። ሊዛራዙ በ1998 ከአገሩ ጋራ የዓለምን ዋንጫ ያነሣ ተጫዋች ነው። ወጣቱ ፊሊፕ በቀኝ ቢያይ በሩ ዝግ፣ በግራ ቢያይም በሩ ዝግ ነበር። ኖቬምበር 13 ቀን 2002 ባየርን በአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ከፈረንሳዩ ክለብ ከላንስ ጋራ 3 ለ 3 በወጣበት ግጥሚያ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ደቂቃ ብቻ ሲቀረው ተቀይሮ ገባ። በዚያ ዓመት በትልቁ ቡድን ያገኘው ጨዋታ ይህ ብቻ ነበር።

ይሁን እንጂ በሩን ከዘጉት ሰዎች አንዱ ራሱ አስተማሪ ነበረ። ሊዛራዙ ቁመቱ 1 ሜትር ከ69 ብቻ ነው፤ ከፊሊፕ በአንድ ሳንቲሜትር ያንሳል። በዓለም ከታወቁት የግራ ተከላካዮች አንዱ የሆነው ሰው አጭር ከነበረ፣ ማጠር የሥራው እንቅፋት አለመሆኑን ልጁ በየቀኑ በልምምድ ሜዳ በዓይኑ ያይ ነበር ማለት ነው።

አጭር ተከላካይ እንዴት ይሠራል? ረጅሙ ሰው ዘልሎ የሚያገኘውን አጭሩ ቀድሞ በማሰብ ያገኘዋል። ኳሷ ከአሻጋሪው እግር ሳትለቅ የት እንደምትወድቅ ይገምታል፤ አጥቂው ከመዝለሉ በፊት ከፊቱ ገብቶ መነሻውን ይይዝበታል። ከሁሉም ይበልጥ ደግሞ ኳሷ እንዳትሻገር አስቀድሞ ከአሻጋሪው ጋራ ይታገላል። በጎን በኩል የሚቆም ተከላካይ ኳሷን ከምንጯ ከገታት፣ በአየር ላይ የሚደረገው ጥል ሳይጀመር ያልቃል።

፬. ወደ ሽቱትጋርት በውሰት

በ2003 በጋ ባየርን ፊሊፕን ለሁለት ዓመት ለሽቱትጋርት ክለብ በውሰት ሰጠው። ውሰት ማለት ተጫዋቹ የክለቡ ንብረት እንደ ሆነ ሆኖ ለተወሰነ ጊዜ ለሌላ ክለብ እንዲጫወት መፍቀድ ነው፤ በገጠር ጎረቤት ለጎረቤቱ በሬውን ለእርሻ አውሶ በኋላ እንደሚቀበለው ያለ ነው። ብዙ ወጣት ተጫዋች በውሰት ሲሰጥ የተጣለ ይመስለውና ልቡ ይሰበራል። ነገሩን በቀና ዓይን ላየው ግን የተዋሰ በሬ የሚታወቀው በሚያርሰው መሬት ነው።

የሽቱትጋርት አሠልጣኝ ፌሊክስ ማጋት የሚባሉ፣ ተጫዋቾቻቸውን እጅግ በማስሮጥ የታወቁ ሰው ነበሩ። ቡድናቸው በወጣቶች የተሞላ ሲሆን፣ ባለፈው ዓመት በቡንደስሊጋ ማለት በጀርመን ከፍተኛው ሊግ ሁለተኛ ሆኖ ጨርሶ ለሻምፒዮንስ ሊግ ደርሶ ነበር።

ፊሊፕ የመጣው ለቀኝ ተከላካይነት ነው። ነገር ግን በዚያ ቦታ አንድሬያስ ሂንክል የሚባል ሌላ ጥሩ ወጣት ነበረ፤ ፊሊፕም የእርሱ ተጠባባቂ ሆነ። ኦገስት 3 ቀን 2003 ከሮስቶክ ክለብ ጋራ በተደረገው ግጥሚያ ለመጀመሪያ ጊዜ በቡንደስሊጋ ተጫወተ፤ የገባውም ጨዋታው ወደ ማለቂያው ሲደርስ ተቀይሮ ነው። ከሙኒክ ወንበር ተነሥቶ የሽቱትጋርት ወንበር ላይ የተቀመጠ መሰለ።

በዚህ ጊዜ ማጋት አንድ አሳብ አመጡ። በቀኝ ቦታ ከሌለ በግራ ይሞከር አሉ። በግራ ተከላካይነት የሚሰለፈው ሃይኮ ጌርበር የሚባል ልምድ ያለው ተጫዋች ነበረ። ፊሊፕ ግን በቀኝ እግሩ የሚመታ ሰው ነው። ለቀኝ እግረኛ «በግራ ሂድ» ማለት ለቀኝ እጁ ጸሐፊ «በግራህ ጻፍ» እንደ ማለት ነበር። ፊሊፕም ሄደ።

፭. በግራ መስመር ላይ

ቀኝ እግረኛ ሰው በግራ መስመር ሲሰለፍ ምን እንደሚያገኘው በጥንቃቄ እንመልከት፤ የዚህ ትምህርት ዋና ነገር ይህ ነውና።

መጀመሪያ ጉዳቱን እናስቀድም። ተቃራኒው አጥቂ በውጭ በኩል፣ በመስመሩ ላይ ሮጦ ሊያልፈው ሲሞክር ለኳሷ የሚቀርበው የግራ እግሩ ነው፤ እርሱም ደካማው እግር ነው። ደግሞ ራሱ ወደ ፊት ወጥቶ ኳስ ሊያሻግር ሲፈልግ፣ ግራ እግሩ ካልሠለጠነ ቆሞ ወደ ቀኙ መመለስ ይኖርበታል፤ በዚያ መኻል ተከላካዮቹ ቦታቸውን ይይዛሉ፤ ዕድሉም ያልፋል።

ጥቅሙ ደግሞ ይህ ነው። አጥቂው ወደ ውስጥ፣ ወደ ጎሉ አቅጣጫ ሊቆርጥ ሲሞክር የሚያገኘው የተከላካዩን ጠንካራ እግር ነው። ተከላካዩ ራሱ ኳስ ይዞ ከመስመሩ ወደ መኻል ሲገባ ደግሞ ኳሷ በቀኝ እግሩ ላይ ትሆናለች፤ ጎሉም በሙሉ ይገለጥለታል። ለጓደኞቹም ወደ መኻል በቀላሉ ያቀብላል። በመኻል ሜዳ ተጫውቶ ላደገ ልጅ ይህ ትልቅ በረከት ነው።

እንግዲህ ሥራው ግልጽ ነበር፤ ጉዳቱን ለመቀነስ ግራ እግርን ማሠልጠን፣ ጥቅሙን ለመጨመር ወደ ውስጥ የመቁረጥን ጥበብ ማወቅ። ፊሊፕ ሁለቱንም አደረገ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በመጀመሪያው ተሰላፊነት ቦታ ያዘ፤ በዚያ ዓመት ከ34ቱ የሊግ ጨዋታዎች በ31ዱ ተጫወተ። ኤፕሪል 3 ቀን 2004 ሽቱትጋርት ቮልፍስቡርግን 5 ለ 1 ሲያሸንፍ የመጀመሪያ የሊግ ጎሉን አገባ። ቡድኑም በሻምፒዮንስ ሊግ ኦክቶበር 1 ቀን 2003 ታላቁን ማንቸስተር ዩናይትድን 2 ለ 1 አሸንፎ ከምድቡ አለፈ።

ወሬውም ወደ ብሔራዊ ቡድን ደረሰ። ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2004 የጀርመን ብሔራዊ ቡድን በስፕሊት ከተማ ክሮኤሽያን 2 ለ 1 ሲያሸንፍ፣ የ20 ዓመቱ ፊሊፕ ለመጀመሪያ ጊዜ የአገሩን መለያ ለብሶ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተጫወተ። በዚያው ዓመት በፖርቱጋል በተደረገው የአውሮፓ ዋንጫ ጀርመን ሁለት ጊዜ አቻ ወጥታ፣ አንድ ጊዜ ተሸንፋ ከምድቧ ሳታልፍ ቀረች፤ ከዚያ ደካማ ጉዞ ስማቸው ተመስግኖ ከተመለሱት ጥቂቶች አንዱ ግን ፊሊፕ ነበር። የአገሩ የስፖርት ጋዜጠኞች የዓመቱን ኮከብ ተጫዋች ሲመርጡም በድምፅ ሁለተኛ ሆነ። ከአንድ ዓመት በፊት በትልቅ ቡድን የተጫወተው አንድ ደቂቃ ያህል ብቻ እንደ ነበረ እናስታውስ።

፮. የጉዳት ጊዜ

የሰው መንገድ ግን ዘወትር ወደ ላይ ብቻ አይሄድም። በ2004 ማጋት ወደ ባየርን ሄዱና ፊሊፕ ከአዲስ አሠልጣኝ ጋራ ሁለተኛውን የውሰት ዓመት ጀመረ። በ2005 መጀመሪያ ላይ የቀኝ እግሩ አጥንት ከድካም ብዛት ተሰነጠቀ። እርሱ ተሽሎት በተመለሰ በጥቂት ሳምንታት፣ በሜይ ወር ደግሞ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። የጉልበት ጅማት መበጠስ ለኳስ ተጫዋች እጅግ ከሚፈሩት ጉዳቶች አንዱ ነው፤ ቀዶ ጥገናና ብዙ ወራት ይጠይቃል። በዚያ በጋ በገዛ አገሩ በጀርመን የተደረገውን የኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ሳይጫወት ቀረ።

በሽቱትጋርት ሁለት ዓመት ውስጥ በሊጉ 53 ጨዋታዎች ተጫውቶ 2 ጎል አግብቶ ነበር። በ2005 በጋ ወደ ባየርን ሲመለስ ግን የተመለሰው በሜዳ ሊሰለፍ የሚችል ተጫዋች ሳይሆን ሕመምተኛ ሆኖ ነው። እስከ ኖቬምበር ድረስ ታገሠ። በዚያ ወር መጀመሪያ ከሁለተኛው ቡድን ጋራ ራሱን ሞከረ፤ ከዚያም በትልቁ ቡድን ከቢለፌልድ ክለብ ጋራ በተደረገው ግጥሚያ ተቀይሮ ገባ። ተቀይሮ የወጣለት ሰው ማን እንደ ነበረ ብትጠይቁ፣ ያ በሩን ዘግቶበት የነበረው ሊዛራዙ ነው። ታላቁ ፈረንሳዊ በዚያ ዓመት መጨረሻ ጨዋታ አቆመ፤ ባየርንም ሊጉንና የጀርመንን ዋንጫ በአንድ ዓመት አነሣ።

ከዓለም ዋንጫ በፊት ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ፣ በሜይ 2006፣ በአንድ የመለማመጃ ግጥሚያ ላይ ወድቆ የግራ ክርኑ ጅማት ተጐዳ። እንደ ገና ቀዶ ጥገና ሆነ። ለውድድሩ ይደርሳል ብለው ብዙዎች አላሰቡም ነበር።

፯. በስድስተኛው ደቂቃ

ጁን 9 ቀን 2006 የዓለም ዋንጫ በጀርመን ተከፈተ። የመጀመሪያው ግጥሚያ በጀርመንና በኮስታ ሪካ መካከል ነበር፤ የተደረገውም ፊሊፕ በተወለደበት በሙኒክ ከተማ ነው። እርሱም ክርኑን በመጠቅለያ አስሮ በግራ ተከላካይነት ተሰለፈ።

በስድስተኛው ደቂቃ ኳስ በግራ መስመር በኩል ደረሰችው። ተቃራኒው ተከላካይ በመስመሩ ላይ ሮጦ የሚያሻግር መስሎት ነበር። ፊሊፕ ግን ወደ ውስጥ ቆረጠ፤ ኳሷም ወደ ቀኝ እግሩ መጣች። ከጎሉ ክልል ጠርዝ አካባቢ አጠማዞ መታት፤ ኳሷም በረኛውን አልፋ፣ በሩቁ ቋሚ በኩል ላይኛው ማዕዘን ውስጥ ገባች። የዚያ ዓለም ዋንጫ የመጀመሪያ ጎል ይህ ነበር። ጀርመን 4 ለ 2 አሸነፈች።

አሁን አንባቢ ወደ አምስተኛው ክፍል ተመልሶ ያነበበውን ያስታውስ። ግራ እግረኛ የሆነ የግራ ተከላካይ በዚያ ቦታ ቢኖር ምናልባት በመስመሩ ሄዶ ያሻግር ነበር። ያን ጎል ያስገኘው ቀኝ እግረኛው ሰው በግራ መቆሙ ነው። በ2003 በሽቱትጋርት ሌላ ቦታ ስለ ታጣ ብቻ የተሰጠው ስፍራ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ በልደት ከተማው ስሙን ለዓለም አስተዋወቀው።

በዚያ ውድድር ጀርመን ሰባት ግጥሚያ አድርጋ ሦስተኛ ወጣች። ሁለቱ ግጥሚያዎች ጭማሪ ሰዓት ስለ ነበራቸው ድምሩ 690 ደቂቃ ነበር፤ ከጀርመን ተጫዋቾች 690ውን ደቂቃ በሙሉ የተጫወተው ፊሊፕ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለውን በአጭሩ እናልፈዋለን። በኋለኞቹ ዓመታት ወደ ቀኝ ተከላካይነት ተመለሰ፤ ከ2013 ጀምሮ ደግሞ አሠልጣኙ ፔፕ ጓርዲዮላ በመኻል ሜዳ አሰለፉት። ጁላይ 13 ቀን 2014 ጀርመን በሪዮ ዴ ጃኔሮ አርጀንቲናን 1 ለ 0 አሸንፋ የዓለምን ዋንጫ ስታነሣ የቡድኑ አምበል እርሱ ነበር። በዚያ ውድድር የመጀመሪያዎቹን ግጥሚያዎች በመኻል ሜዳ፣ የመጨረሻዎቹን በቀኝ ተከላካይነት ተጫውቷል። ለአገሩ 113 ጊዜ ተሰልፎ፣ በ2017 ጨዋታ አቆመ። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድም ጊዜ በቀይ ካርድ ከሜዳ አልወጣም። አጥቂን ሳይቸኩሉ መጠበቅ ምን ያህል እንደሚያዋጣ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

፰. ከዚህ ምን እንማራለን?

ወንድሞችና እኅቶች ተማሪዎች፤ ሁላችን የዓለም ዋንጫ ተጫዋቾች አንሆንም። ነገር ግን ሁላችን አንድ ቀን ያልመረጥነው ቦታ ይደርሰናል። አንዱ ሒሳብ ሲወድ ሌላ ክፍል ይመደባል፤ አንዷ ከትውልድ ቀበሌዋ ርቃ ሌላ ትምህርት ቤት ትገባለች፤ ሌላው ኳስ ሊጫወት መጥቶ በወንበር ይቀመጣል። በዚህ ጊዜ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው መንገድ ቦታው የእኔ አይደለም ብሎ አኵርፎ መቆም ነው። ሁለተኛው በአዲሱ ቦታ ምን ይጐድለኛል፣ ከቀድሞውስ ምን ይዤ መጥቻለሁ ብሎ መመርመር ነው። ፊሊፕ የጐደለውን ግራ እግር አሠለጠነ፤ ይዞ የመጣውን ቀኝ እግርም አልጣለም።

አለቆችና መራጮች ለምትሆኑ ደግሞ አንድ ቃል እንጨምር። ትንሹን ልጅ በቁመቱ ብቻ አትመዝኑት። ዕድል ስጡትና በሁለት ሦስት ቦታ ሞክሩት። እንቢ ካሉት ክለቦች አንዱ እንኳ ቢሞክረው ኖሮ ትርፉ የእርሱ ይሆን ነበር።

ለመለማመጃ የሚሆኑ ጥያቄዎችና ሥራዎች

1. የጎን ተከላካይ አምስት ሥራዎች ምን ምን ናቸው? ከእነርሱ የትኛው ለእናንተ ይከብዳል?

2. ቀኝ እግረኛ ተጫዋች በግራ መስመር ሲሰለፍ የሚያገኘውን ጥቅምና ጉዳት በሥዕል አስረዱ።

3. ከግድግዳ በአምስት ሜትር ርቀት ቆማችሁ ኳስን በደካማው እግራችሁ ብቻ 50 ጊዜ እየመታችሁ ተቀበሉ። ይህን ለአንድ ወር በየቀኑ አድርጋችሁ ለውጡን በደብተራችሁ ጻፉ።

4. ሁለት ሁለት ሆናችሁ በጠባብ ቦታ ተጫወቱ፤ ተከላካዩ በሸርተቴ መግባት አይፈቀድለትም። በመጠበቅ ብቻ ስንት ጊዜ እንደ ነጠቀ ቍጠሩ።

5. በሚቀጥለው የዕረፍት ሰዓት ቡድን ስትመርጡ ሁልጊዜ በመጨረሻ የሚቀረውን ልጅ በመጀመሪያ ጥሩት፤ የት መጫወት እንደሚፈልግም ጠይቁት።